ማንም አረረ አላለኝም

ሐምሌ 7 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ያስቀመጥኩት ለትምህርት እቅድ ነበር። አሁን ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ «እቅድሽን አምጪ» የሚለኝ ርዕሰ መምህር የለም። ስለዚህ የትናንቱን ጉድ እጽፍበታለሁ። ለሰው ባወራው ያዝንልኛል፤ እኔ ደግሞ ሲታዘንልኝ አልወድም።

የልጄ የሚሪያም ሽምግልና ባለፈው ወር አልቋል። ትናንት የእጮኛዋ የተክለወልድ ቤተሰቦች ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ለትውውቅ ምሳ መጡ። የሐዋርያት ፆም ቅዳሜ ስለተፈታ እንቁላልና ቅቤ ተፈቅዷል፤ ስለዚህ የአፕል ኬኬን ልሠራ ተነሳሁ። በእኛ ሰፈር በሴቻ ይህን ኬክ የማያውቅ የለም። ክርስትና ሲሆን፣ መምህር ሲዘዋወር፣ የታመመ ሲድን፣ «ሸዋነሽ ኬኩን ትሥራው» ይባላል። አፕሉን ከደጋው ከጨንቻ የሚልክልን የባሌ የእንድሪያስ ታላቅ ወንድም ወልደሥላሴ ነው። ከጆንያው አፍ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት የኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ይጨምርበታል።

አሠራሬ እንደ ድፎ ዳቦ ነው። ድስቱን ኮባ አለብሰዋለሁ፣ ሊጡን እገለብጣለሁ፣ የተከተፈውን አፕል ከነቀረፋው እደረድርበታለሁ፣ በሌላ ኮባ እሸፍነዋለሁ። ከታች ከሰል፣ ከክዳኑ በላይ ፍም። ሰዓት አላይም። ኮባው ራሱ ይናገራል፦ መጀመሪያ እርጥብ ሣር ይሸታል፣ ከዚያ አፕሉና ቀረፋው ይነሳሉ፣ በመጨረሻ ቅጠሉ እንደተጠበሰ እሸት ሲሸት ማውረድ ነው። ይህን ያስተማረችኝ የእንድሪያስ እናት ነበረች፣ ነፍሷን ይማረውና፤ እሷ ለዳቦ ነበር፣ ወደ ኬክ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

እናም ትናንት ድስቱን ጥጄ ሳሎን ገባሁና ከተክለወልድ እናት ከወ/ሮ አገኘሽ ጋር ስለ ሠርጉ ድንኳን ጨዋታ ያዝን። ጨዋታው ደርቶልኝ ነበር። ቀስ በቀስ ሰዉ አንድ በአንድ ዝም አለ። ወ/ሮ አገኘሽ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። በርዷቸው ነው ብዬ ተነሳሁና መስኮቱን ዘጋሁላቸው። አርባ ምንጭ ላይ ብርድ! እንድሪያስ አየኝ፣ ሚሪያም መሬት መሬት አየች። እኔ ስለ ድንኳኑ ቀጠልኩ። በመጨረሻ ጎረቤቴ ልክነሽ ከጓሮ በኩል «ኧረ እትዬ ሸዋነሽ፣ ጭስ!» ብላ ጮኸች።

ኬኩ ከሰል ሆኗል። ወጥ ቤቱ ጠቁሯል።

ጥፋቱ የከሰሉ ነው። የግራር ነው ብለው የሸጡልኝ የግራር አይደለም፣ ቶሎ ይንቀለቀላል። ደግሞ ከግንቦት ጀምሮ ያልለቀቀኝ ጉንፋን አለብኝ። ሁለቱ ሲገናኙ እንዲህ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ስምንት ሰው ተቀምጦ ማንም አረረ አላለኝም።

ሐምሌ 9

ድስቱን ስፈገፍግ ሁለት ቀን ሆነኝ። በአሸዋ፣ በአመድ፣ በሽቦ። ከቂጡ ላይ አንድ ጥቁር ክብ አልለቅ ብሏል። እንድሪያስ «ሌላ ድስት እንግዛ» አለ። ሌላ ድስት አልፈልግም።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ሚሪያም ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጄ እንዲህ ስትቀመጥ ነገር አላት ማለት ነው።

«እማዬ፣ የሠርጉን ኬክ ከኬክ ቤት ብናዝስ? የሙሽራ እናት ነሽ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል ከሰል ስታራግቢ…»

«ከሰል ሳራግብ ነው ያሳደግሁሽ» አልኳት።

«እሱማ አውቃለሁ። ለአንቺው ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይኝ።»

ከዚህም የከፋ ተናገርኩ፣ አልጽፈውም። ፊቷ ተለዋወጠና ወደ ክፍሏ ገባች። ይህች ልጅ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች የክፍል ጓደኞቿን ሰብስባ «እኔ ሳገባ ኬኬን የምትሠራው እማዬ ናት» ስትል በመስኮት ሰምቻታለሁ። የኔ ክፍል ከእሷ ቀጥሎ ነበር። ያን ቀን ስለ እርሾ ነበር የማስተምረው፤ ስለ እርሾ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ቃል ይዤ ኖሬ አሁን እሷን እሰድባታለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሠርጉ መስከረም 25 ነው። ኬኩን እኔ እሠራለሁ። ይኸው ተጻፈ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

እንድሪያስ ሆዱን ታሞ ሁለት ቀን ተኛ። ዛሬ አጥሚት ጠጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ማክሰኞና ረቡዕ መብራት አልነበረም። ሐሙስ ማታ ማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመውን የበግ ሥጋ ቅቅል ሠራሁለት። እኔ ሰሞኑን ምግብ አይበላልኝም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ሆኖብኛል፤ እሱ ግን ቅቅል ይወዳል። ደግሞ ኬኩ ካረረበት እሑድ ጀምሮ ስነጫነጭበት ስለሰነበትኩ ልክሰው ብዬ በእጄ አጎረስኩት፣ ትልቅ አድርጌ። አፉ ውስጥ ከትቶ ቆም አለ። ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ዋጠው።

«አንድ ጉርሻማ ያጣላል» ብዬ ሁለተኛ አጎረስኩት። እሱንም ዋጠ። ሦስተኛውን ሳነሳ «በቃኝ ሸዋዬ፣ ጠገብኩ» ብሎ ድስቱን ራሱ አንስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ለውሻው ሊሰጥ ነው። ውሻው ግን አሽትቶ ትቶት ሄደ። የእኛ ውሻ ክረምት ሲሆን ይመርጣል።

እንድሪያስ «ቢሮ አካባቢ የበላሁት ነገር ነው» ይላል። ዞን መሥሪያ ቤቱ አጠገብ ያለው ምግብ ቤት ንጹሕ አይደለም ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ሐምሌ 25

ባሌ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ጠባዩ ተለወጠ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከወጥ ቤቴ ደጃፍ ቆሞ «ውኃ ስጪኝ» የሚል ሰው፣ አሁን በምሳ ሰዓት ከቢሮ እየሮጠ መጥቶ የድስት ክዳን ያነሳል። ወተቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ትናንት አንድ ሊትር ወተት «እጄን አዳለጠኝ» ብሎ ደፋ። ቡታጋዙን እኔ ከዘጋሁት በኋላ እንደገና ሄዶ ይነካካዋል። ዛሬ ደግሞ ከሲቀላ የምትደውል ትንሽ ሰዓት ገዝቶ መጣ፣ የዶሮ ሥዕል ያለባት።

«ለምንህ ነው?»

«ለኬክሽ። ደቂቃ ትሞያታለሽ፣ ኬኳ ስትደርስ ትጮሃለች።» ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሮ አሁንም ኬክን «እሷ» ይላል።

«የሆም ኢኮኖሚክስ መምህርት ነኝ እንድሪያስ። ዶሮ አያስተምረኝም።»

ሳቀ። ግን ሰዓቷን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ቢሮ ውስጥ ሥራ አጥቶ እንደሆነ እንጃ፣ የቤቴ ተቆጣጣሪ ሆኖ አረፈው።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ፍልሰታ ገባ። እንደ ዘንድሮ በፍልሰታ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በፆም ወጥ የሚሠራ ሰው አይቀምስም፤ «ቅመሺውና ንገሪን» የሚለኝ የለም። ልክነሽ ሽሮዋን ይዛ መጥታ «ምን ጎደለው?» ስትለኝ «ፆመኛ ነኝ» አልኳት፣ አለቀ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

የልምምድ ኬክ ሠራሁ። የፆም ነው፣ በዘይት፣ ያለ እንቁላል። በከሰል አላደረግኩትም፤ ሚሪያም ከአዲስ አበባ ባመጣችው ኦቭን። ዶሮዋን ሃምሳ ደቂቃ ሞላኋት። እንድሪያስ እንዳያየኝ በሩን ዘግቼ።

በመሐል መብራት ሄደ። ተመለሰ። ሄደ። ዶሮዋ መብራት ይኑር አይኑር አታውቅም፣ በሃምሳ ደቂቃዋ ጮኸች። ኬኩን አወጣሁት፣ ከላይ ቀይ፣ ያማረ። ቆርጬ ለልክነሽ ቤት ላክሁ።

ነሐሴ 11

ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወጥቼ ልክነሽ ከአጥሩ ወዲያ ለእህቷ ስታወራ ሰማኋት። «መሐሉ ሊጥ ነው፣ ሊጥ! ያቺ ባለሞያ! እርጅና እኮ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፣ አንጀቴን በላችኝ።»

ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እርጅና አይደለም። ልብሱን ሳላሰጣ ተመለስኩ፣ እርጥቡ ቤት ውስጥ ሸተተ… አይ፣ ሸተተ ያለችው ሚሪያም ናት።

ልክነሽን ልቆጣት አስቤ ነበር። ግን ሳትስቅ፣ አዝና ነው ያወራችው። ያ ይብስብኛል።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

በዓሉ ዓርብ ስለዋለ ፆሙ ዛሬ ተፈታ።

እንድሪያስና ሚሪያም በረንዳ ላይ ናቸው፤ እኔ መኝታ ቤት ያለሁ አልመሰላቸውም።

«ንገራት አባዬ።»

«ራሷ ስትነግረኝ ነው።»

«እስከዚያ ቤቱ ቢቃጠልስ?»

«እኔ አለሁ አይደል? ለዚህ አይደል ምሳ ሰዓት የምመጣው?»

«ኬኩስ?»

ምን እንደመለሰላት አልሰማሁም፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ነገሩ ግልጽ ነው። ኬኩን ደብቀውኝ ከኬክ ቤት አዘዋል። ባልና ልጅ ተማክረው እኔን እንደ ሕፃን ይሸነግሉኛል። ከአንዷ ብጣላ ሌላው ይቀርልኛል ብዬ ነበር።

እራት ላይ ሁለቱንም አላናገርኳቸውም። እንድሪያስ የሠራሁትን ጥርግ አድርጎ በላና «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። እንዲህ ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

እንድሪያስ ወንድሙን ሊጠይቅ ጨንቻ ውሎ ማምሻውን መጣ። ዝናብ መቶታል። ኮቱን ተቀብዬ በር ኋላ ሰቀልኩለት።

ድሮ ይህ ኮት ሁሉን ይነግረኝ ነበር። የወልደሥላሴ ቤት ጭስ፣ የበግ ጠጉር፣ አፕል የተጫነበት መኪና፣ አንዳንዴም ከመንገድ ወርዶ አረቄ እንደቀመሰ። «ዶርዜ ላይ ወርደሃል» ስለው «አንቺ ፖሊስ ነሽ?» እያለ ይስቅ ነበር። ከሁሉ በታች ደግሞ የራሱ ሽታ አለ። እሱን እንዲህ ነው ብዬ መጻፍ አልችልም። በ1976 ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ስመጣ፣ ማንንም በማላውቅበት አገር መጀመሪያ የለመድኩት የእሱን ሽታ ነው።

ፊቱን ሊታጠብ ሲገባ ኮቱን አውርጄ ፊቴን ቀበርኩበት።

ምንም።

ወጥ ቤት ገባሁ። ነጭ ሽንኩርት ጨፈለቅሁ። ምንም። የነጭ ጋዙን ጠርሙስ ከፈትኩ፣ ዓይኔ አለቀሰ፣ አፍንጫዬ ምንም። ከቁምሳጥን ናፍታሊን አወጣሁ። ምንም።

ጉንፋኑ አልለቀቀኝም።

ከላይ የጻፍኩት ውሸት ነው። ከግንቦት እስከ ነሐሴ የሚቆይ ጉንፋን የለም። ይህን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። መስኮቱን የዘጋሁ ቀን ማታ አውቄዋለሁ።

ለማንም አልናገርም።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ የቀድሞ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ፣ «ቲቸር!» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ። አፍንጫዬን በመብራት አየ፣ ስለ ግንቦቱ ጉንፋን ጠየቀኝ፣ ቅመማ ቅመም አስሸተተኝ።

«ሊመለስ ይችላል፣ ጊዜ ይወስዳል። ላይመለስም ይችላል፤ አልዋሽዎትም ቲቸር» አለኝ። ቀጥሎ «ቤት ውስጥ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እሳት አለ፣ ጋዝ አለ፣ የተበላሸ ምግብ አለ። አንድ ሰው ማወቅ አለበት።»

የተበላሸ ምግብ ሲል ቅቅሉ ትዝ አለኝ። ከሴቻ አደባባይ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ውሻው እንኳን ያልበላውን። በእጄ ነው ያጎረስኩት። ሁለት ጊዜ።

መስከረም 2፣ 2007፣ ዓርብ

ለሚሪያም «ኬኩን ከኬክ ቤት እዘዙ፣ አልቻልኩም» አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

መስከረም 18፣ እሑድ፣ ጨንቻ

መስቀልን እንደየዓመቱ ወልደሥላሴ ዘንድ አከበርን። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የጋሞው የመስቀል ጭፈራ «ዮ መስቀላ» ነበር፤ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሰው። ጥሬ ሥጋው ከሚያቃጥለው ማባያ ከዳጣ ጋር ቀረበልኝ። ዳጣው አቃጠለኝ፣ ላብ አመጣብኝ፣ ግን ዳጣ አልነበረም፤ ማቃጠል ብቻ ነው። ሁሉም «ይጣፍጣል አይደል?» ሲለኝ «በጣም!» እላለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ እየሣቅሁ ስዋሽ ደከመኝ።

ዛሬ ጠዋት ጉሙ ሳይነሳ እኔና እንድሪያስ ወደ አፕሉ ማሳ ወጣን። ወልደሥላሴ ለሠርጉ ያስቀረልን ሦስት ዛፍ አለ። እንድሪያስ እየቀጠፈ ነጠላዬ ላይ ያስቀምጥልኛል። አልቻልኩም።

«እንድሪያስ፣ አፍንጫዬ ሞቷል» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። መቅጠፉን አላቆመም።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ሰኔ ላይ ሸሚዜ አንገቱ ላይ ነጭ ጋዝ ፈሶበት ነበር። አጣጥፈሽ ከነጩ ልብስ ጋር አስቀመጥሽው። ሽታው ከበር ይጠራ ነበር። አንቺ እኮ ጨንቻ ምን እንደበላሁ በኮቴ የምታውቂ ሴት ነሽ።»

«ቅቅሉስ?»

አንድ አፕል ቀጥፎ ነጠላዬ ላይ አስቀመጠ።

«ቅቅሉ ተበላሽቶ ነበር አይደል? አውቀሃል?»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋጥከው?!»

«አንቺ ነሻ ያጎረስሽኝ» አለኝ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት እንደሌለ።

አፕሉን ከነነጠላዬ ለቀቅሁትና ትከሻውን በቡጢ መታሁት። ከዚያ እዚያው ትከሻ ላይ አለቀስኩ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንደ ዛሬ ወድጄው አላውቅም፣ እንደ ዛሬም ተናድጄበት አላውቅም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልትነግሪኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ለሚሪያምም እንደዚያ አልኳት። ያንቺ አፍንጫ ነው፣ እኔ ቀድሜ ምን እላለሁ?»

«ያ ቀንስ? አገኘሽ ቁጭ ብለው፣ ሰዉ ሁሉ እየሸተተው፣ እኔ መስኮት ስዘጋ፣ አንተስ ለምን አረረ አላልክም?»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት! ሰው ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ ሳላውቅ ከምቀመጥ በሰው ፊት ብትለኝ አይሻልም? ከእንግዲህ ሰውም ይኑር፣ ጳጳስም ይኑር፣ ሲያር አረረ በለኝ።»

«እሺ» አለ።

«ማልልኝ።»

«በእናቴ አጥንት።»

ጎንበስ ብለን አፕሉን ከሣሩ ውስጥ አንድ በአንድ ለቀምን። የተመቱትን ለይቼ ለወልደሥላሴ ልጆች ሰጠሁ።

መስከረም 21

ሚሪያምን አስቀምጬ ነገርኳት። ገና ሳልጨርስ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ለኬክ ቤቱ ደውለሽ ትዕዛዙን ሰርዢ» ስላት፣ «መች አዘዝኩና እማዬ?» አለችኝ። አባቷ ያን ቀን በረንዳ ላይ «ጠብቂ» ብሏት ኖሯል። ሠርጉ አራት ቀን ቀርቶት ልጄ ያለ ኬክ ትጠብቀኛለች!

ከሰል የግራር መሆኑን ራሴ ሄጄ አየሁ። ሃምሳ እንቁላል። ቅቤ። ኮባው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች ይዘፍናሉ። አሁን ጻፍ ጻፍ አድርጌ ልውጣ፣ ነገ ጊዜ አይኖረኝም።

ጠዋት ወጥ ቤቱን ከሰው አስለቀቅሁት። እንድሪያስ ዱካ ይዞ ገባና ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ሴቶቹ በበሩ እያዩ ተጠቃቀሱ፣ «እትዬ ሸዋነሽ፣ አዲስ ሠራተኛ ቀጠሩ እንዴ?» አሉኝ። «በሙከራ ጊዜ ላይ ነው» አልኳቸው።

የጠቆረውን ድስት ነው የተጠቀምኩት። ጥቁር ክቡ አለ፣ ኮባው ሸፈነው። ሊጡን ገለበጥኩ፣ አፕሉን ደረደርኩ፣ ቀረፋውን እንድሪያስ «በቃ፣ በቃ» እስኪለኝ ነሰነስኩ። ጥጄው ከጎኑ ቆምኩ።

«ንገረኝ» አልኩት።

«ሣር። የረጠበ ሣር።»

ውጭ ሰዎቹ ስለ ድንኳኑ ገመድ ይጨቃጨቃሉ።

«አሁን አፕሉ ተነሳ። ቀረፋዋም። ሸዋዬ፣ ደስ ይላል።»

«ደስ ይላል አትበለኝ፣ ምን እንደሚሸት ንገረኝ።»

አሰበ። «ሚሪያም ክርስትና የተነሳች ዕለት ነው የሚሸተው» አለኝ።

ያን ዕለት አስታወስኩት። አፍንጫዬ ምንም አላመጣልኝም፣ ግን ዕለቱን አስታወስኩት፤ ነጭ ጥለት ያለው ቀሚሴን፣ እናቱ ሕፃኗን ታቅፋ ስትወዛወዝ።

«የመጨረሻውን ታውቀዋለህ? ኮባው ሲደርስ?»

«በቃል አልችልም። በጋሞኛም አልችልም። ልጅ ሆኜ እሳት ዳር ተኝቼ እጠብቃለሁ፣ እናቴ ብድግ ስትል ዳቦው ደርሷል ማለት ነው። እኔ የማውቀው መነሳቷን ነው።»

እኔ ክዳኑ ላይ ያለውን ፍም ዓይኔን ሳልነቅል አያለሁ። ዶሮዋ መደርደሪያው ላይ ናት፣ አልሞላኋትም። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ጊዜ «ደርሶ ይሆን?» ብዬ ዞር ስል እንድሪያስ ቆሟል። ዱካው ከኋላው ተገልብጧል።

«ለምን ተነሳህ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለኝ። ራሱን አየ። ዓይኖቹ ሞልተዋል።

ፍሙን አወረድኩ።

መስከረም 26፣ ሰኞ

እግሬ አብጧል። ድምፄ ጠፍቷል። ልጄ ተዳረች።

ኬኩን ስትቆርጥ ተክለወልድን ሳታጎርስ በፊት ዞር ብላ ፈለገችኝና ከሰው መሐል ጠርታ እኔን አጎረሰችኝ። ሙሽራ እንዲህ አታደርግም፣ ሰዉ አጉረመረመ። ጣፋጭ መሆኑን ምላሴ ነገረኝ፤ ሌላውን ከሰው ፊት ላይ አነበብኩት። ወ/ሮ አገኘሽ ሁለተኛ ቁራሽ በወረቀት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ያየኋቸው አልመሰላቸውም። ልክነሽም አጠገቤ መጥታ «እርጅና ያልኩት ለራሴ ነው» ብላኝ ሄደች፤ መስማቴን በምን እንዳወቀች እንጃ።

ቤቱ ጭር ብሏል። የሚሪያም አልጋ ተነጥፎ ይታያል። ትራሷን አንስቼ አሸተትኩ፣ ያው ነው፣ ምንም። ግን ለእንድሪያስ ሰጠሁትና «ምን ይሸታል?» አልኩት። ፊቱን ቀበረበት። «ልጃችንን» አለኝ።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ከሠርጉ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወ/ሮ አገኘሽና ቤተሰባቸው ምሳ መጡ፣ ሙሽሮቹም አሉ። ያው ሳሎን፣ ያው ወንበሮች፣ ያው መስኮት። ሽንኩርቱን ጥጄ ለአፍታ ብዬ ገባሁና ስለ ሠርጉ ፎቶግራፍ ጨዋታ ያዝን። ወ/ሮ አገኘሽ በፎቶው ላይ ወፍረው እንደወጡ ይከራከሩኛል። እኔ አልወፈሩም እላለሁ። ወፍረዋል።

እንድሪያስ ከተክለወልድ ጋር ስለ ሥራ ሲያወራ ነበር። ድንገት ንግግሩን አቋርጦ አፍንጫውን ወደ ጓሮ አዞረ። ሚሪያም አየችው። እኔም አየሁት። ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። እንድሪያስ እንግዶቹን አንድ በአንድ አየ፣ ፊቱ ቀላ፣ ይህ ሰው እኮ በሰው ፊት ጮክ ብሎ ማስነጠስ የሚያፍር ነው።

ከዚያ ግድግዳው እስኪያስተጋባ ጮኸ፦

«ሸዋዬ! አረረ!»

ወ/ሮ አገኘሽ ደንግጠው ፎቶውን ጣሉት። እኔ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እየሣቅሁ ሮጥኩ፤ ከኋላዬ ሚሪያምም ስትስቅ እሰማለሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ለማንም ባስረዳ አይገባውም። ሽንኩርቱ ጠቁሯል። ደፋሁትና ሌላ ከተፍኩ።